ባለድርሻ አካላትን ለይተን ጨርሰን ነበር፤ ታዲያ ሐኪሞቹ ለምን ወደ ወረቀት ካርድ ተመለሱ?

ሰንበሌጥ (ክሩን የከፈተ) — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

በአንድ የዞን ከተማ በሚገኝ ጠቅላላ ሆስፒታል የለውጥ ቡድን አባል ነኝ። ሆስፒታላችን ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር የሕክምና መዝገብ ለመሸጋገር ከወሰነ አንድ ዓመት አልፎታል። እንደ ደንቡ በመጀመሪያ ያደረግነው ባለድርሻ አካላትን መለየት ነበር። በነጭ ሰሌዳ ላይ 27 ስሞች ጻፍን፤ ከዚያም ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ባለ አራት ሳጥን ሠንጠረዥ አስምረን፣ የእያንዳንዱን ሥልጣንና ለጉዳዩ ያለውን ፍላጎት እየመዘንን በየቦታው አስቀመጥን። ሥራ አስኪያጁን፣ የሕክምና ዳይሬክተሩን፣ ቦርዱንና ጤና መምሪያውን «በቅርብ የሚያዙ» አልናቸው። ሐኪሞች «ረክተው እንዲቆዩ የሚደረጉ»፣ ነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ደግሞ «መረጃ የሚሰጣቸው» ሆኑ። ታካሚዎችም ከነርሶቹ ሳጥን ገቡ።

ቀጥሎ የሁለት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ አዘጋጀን። ጥያቄ ያለው ካለ ብለን ስንጋብዝ ሁለት ሰዎች ብቻ እጃቸውን አወጡ፤ አንዱ ስለ ውሎ አበል ጠየቀ፣ ሌላው «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ሠራተኛው ለውጡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ተብሎ ሰፈረ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሙከራውን በሁለት የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች ጀመርን። የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ክፍል 2 ስገባ ግን ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የወረቀት ካርዶች ደርድሮ ሲጽፍ አገኘሁት። ነርሷ ደግሞ ታካሚው ሲያልቅ የካርዱን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። ወደ መምሪያው በምንልከው ሪፖርት ሥርዓቱ መቶ በመቶ ሥራ ላይ ነው፤ በእርግጥም የሁሉም ታካሚ መረጃ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገኛል።

የተቃወመ ሰው የለም፣ የተጣላ ሰው የለም። ማንን እንደረሳን ወይም ምን እንዳጠፋን ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የማታ ተረኛ — ሰኞ፣ ከቀኑ 7:45

ሰላም ሰንበሌጥ፣

እኔ በሌላ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ያቺ የምትገለብጠው ነርስ ግን እኔ ነኝ ብል አልተሳሳትኩም፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ ሆኖ ነበርና። እስቲ ልጠይቅዎት፦ በ27ቱ ስሞች ውስጥ «ነርሶች» የሚለው ማንን ወክሎ ነው? በእኛ ቤት ነርሶችን ወክላ በስብሰባው የተቀመጠችው ሜትረኗ፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊዋ፣ ነበረች። ታታሪ ሴት ናት፤ ነገር ግን የሌሊት ተራ ከወጣች ዓመታት አልፈዋል። ግንዛቤ ማስጨበጫው የተደረገው ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ሌሊቱን ያደርነው ወይ እንቅልፋችንን ትተን መጥተን አዳራሽ ውስጥ ማንቀላፋት ነበረብን፣ ወይም ደግሞ መቅረት። አብዛኞቻችን ቀረን፤ የተገኙትም አንቀላፉ።

ሌሊት ላይ ሥራው ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ተመልሶ ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉ የተሰጠው ደግሞ ለቀኑ ሠራተኛ ነው። በዚያ መካከል የስምንት ሰው የደም ግፊትና የሙቀት መጠን መመዝገብ አለብኝ። የማደርገው ምን መሰለዎት? ነጭ ፕላስተር ቀድጄ ጋዋኔ ላይ ጭኔ አካባቢ እለጥፍና በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፤ ንጋት ላይ ከፕላስተሩ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ኮምፒውተሩ አዛውራለሁ። አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዋርድ ውስጥ አንድ ጊዜ መቆም ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ የሥራ መደቡን ሳይሆን ፈረቃውን ጭምር ይቁጠሩ።

ጡረተኛው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ እኔም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁና። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሁላችንም በአጭሩ ቢፒአር የምንለው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሲካሄድ የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የጥናት ቡድን አባል ነበርኩ። ቡድናችን አዳማ ላይ ሆቴል ይዞ ለሳምንታት ነባሩን የሥራ ሂደት በወረቀት ላይ ሲስል ቆየ። አንድ ደብዳቤ ከመግባት እስከ መውጣት በ14 እጅ እንደሚያልፍ ቆጠርንና ወደ 4 አወረድነው። ካስወገድናቸው መካከል አንዱ ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ደርሶ ቁጥርና ክብ ማኅተም የሚያገኝበት ደረጃ ነበር። የሥራ ሂደቱ ባለቤት ይፈርም፣ ባለጉዳዩም ወዲያው ይዞ ይሂድ አልን። አዳራሹ አጨበጨበልን።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባለጉዳይ ደብዳቤያችንን እንደያዘ ከባንክ ተመለሰ፤ «ወጪ ቁጥርም ማኅተምም የለውም» ተብሎ። ሌላው ከፍርድ ቤት ተመለሰ። ያ እኛ ትርፍ ብለን የሰረዝነው ደረጃ ለእኛ ሳይሆን ከግቢያችን ውጭ ላሉት የተቀመጠ ነበር። መዝገብ ቤቷ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ይህን ያውቁ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሳይጠየቁ ደግሞ አይናገሩም ነበር። ለምን እንደማይናገሩ ላስረዳ።

በዚያን ጊዜ በአዲሱ ድልድል ቦታ ያላገኘ ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ደመወዙ አልተቋረጠም፤ ወንበሩ ግን ተወስዷል፤ ጠዋት ገብቶ ፈርሞ፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይውልና ማታ ፈርሞ ይወጣል። ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ደግሞ «ፀረ ለውጥ» ይባል ነበር፤ ይህ ስም በግምገማ ላይ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል። ሰንበሌጥ፣ እርስዎ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ከ15 ዓመት በላይ ያገለገሉት ይህን ያሳለፉ ናቸው። ዝምታቸውን ከስምምነት ባይቆጥሩት መልካም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቃል ነገር ነው፣ ግን ለእኔ ትንሽ አይደለም። «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የምንለው ቃል ራሱ አስቀድሞ ፈርዷል። ግንዛቤው ያለው መድረኩ ላይ የቆመው ነው፣ የጎደለው ደግሞ ከታች የተቀመጠው፤ የሚቀረው ከላይ ወደ ታች ማስጨበጥ ብቻ ነው። መዝገብ ቤቷ ለእኛ የምታስጨብጠን ነገር እንደነበራት በዚያ ቃል ውስጥ ቦታ የለውም።

ወንዝ ማዶ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:05

የጋሽ ጡረተኛውን ምስክርነት አከብራለሁ፤ ሆኖም ውይይቱ ሁሉንም ጥፋት በለውጥ ቡድኑ ላይ ወደ መጫን እያዘነበለ ስለሆነ ሌላውን ወገን ልያዝ። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን በየተቋሙ መትከል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጽንሰ ሐሳቡ። ኤድዋርድ ፍሪማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ባለድርሻ ብሎ የተረጎመው በተቋሙ ዓላማ ላይ ተጽዕኖ የሚያደርሰውን ወይም ተጽዕኖው የሚደርስበትን ማንኛውንም ሰው ወይም ቡድን ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን የሆስፒታሉ በር ላይ ሻይ የምትሸጠውም ባለድርሻ ናት፤ ለሁሉም እኩል ጊዜ ከሰጠን ሥራው አይጀመርም። ለዚህ ነው ሚቸል፣ ኤግልና ዉድ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ሦስት መለኪያዎች ያቀረቡት፦ ሥልጣን፣ የጥያቄው ተገቢነት እና አጣዳፊነት። ባለ አራት ሳጥኑ ሠንጠረዥ ሥልጣንንና ፍላጎትን ብቻ ስለሚያይ «ይህ ሰው የሚፈልገው ነገር ተገቢ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያልፈዋል።

ጥያቄው ደግሞ መነሳት አለበት። በየካርድ ክፍሉ «ሰው ያለው» ታካሚ ካርዱ ከተራ ውጭ ቀድሞ እንደሚወጣ የማያውቅ አለ? ኮምፒውተሩ ተራን ሲያስከብር ጥቅሙ የሚቀርበት ሠራተኛ አለ። እርሱም ባለድርሻ ነው፤ ድርሻው ግን እንዲጠበቅለት የሚገባ ድርሻ አይደለም። ዝም ያለ ሁሉ የሚፈራ፣ የተቃወመም ሁሉ ጥበብ ያለው አድርጎ መሳል ልክ አይመስለኝም።

በመጨረሻም በጀት የሚባል ነገር አለ። ሰኔ 30 ሲደርስ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይመለሳል። አንድ ዓመት ሙሉ ስንመካከር ከርመን ሐምሌ ላይ ባዶ እጃችንን የቀረንበትን ተቋም አውቃለሁ።

መደርደሪያ 9 — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:30

ወንዝ ማዶ ያሉት ነገር አለ፤ አልክድም። ካርድ ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከተራ ውጭ ካርድ የሚያወጣ ባልደረባም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ለዘመዱ ወይም ለጉቦ ሳይሆን የአለቃ ስልክ ስለተደወለለት መሆኑን ግን ቢጨምሩበት ሚዛኑ ይስተካከል ነበር። ለአለቃው ስልክ ኮምፒውተሩ ምን መልስ እንዳለው አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አንዲት እናት የቀጠሮ ካርዷን ጥላ ትመጣለች። ቁጥሯን አታስታውስም። ስሟ ፀሐይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ ሲጻፍ «አልተገኘም» ይላል። ለምን? ከሦስት ዓመት በፊት የመዘገባት ልጅ «ጸሃይ» ብሎ ጽፏታል። ይህ ስም በሁለቱ ጸዎችና በስድስቱ ሀዎች ብቻ 12 ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል፤ ሥርዓቱ እያንዳንዱን እንደ ሌላ ሰው ያየዋል። ኃይለ ሥላሴን አስቡት፤ አንዱ ይቀጥለዋል፣ አንዱ ይለየዋል፣ አንዱ በንጉሡ ሠ፣ አንዱ በእሳቱ ሰ ይጽፈዋል። የእኛ ሰው ንጉሡ የትኛው፣ እሳቱ የትኛው እንደሆነ እንኳን አይስማማም፤ እኔም አሁን አገላብጬ ጽፌው ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል የመዘገቡ ሆስፒታሎች ደግሞ ችግራቸው ከዚህ የባሰ ነው። «አልተገኘም» ሲል ጀማሪው ሠራተኛ አዲስ ካርድ ይከፍትላታል፤ የስኳር በሽታ ታሪኳ በአንዱ ቁጥር፣ የዛሬው መድኃኒቷ በሌላ ቁጥር ይቀራል።

እኔ በወረቀቱ ዘመን እንዴት እፈልግላት ነበር? የአያቷን ስም፣ ቀበሌዋን፣ መጀመሪያ የመጣችበትን ምክንያት እጠይቃታለሁ። «መንታ የወለድሁ ጊዜ» ትለኛለች። መንታ ከወለደች የማዋለጃ ክፍል መዝገብ ላይ አለች፤ ከዚያ ቁጥሯን አገኛለሁ። ፋጡማ መሐመድ የሚባሉ ደግሞ በእኛ ቤት በመቶ ይቆጠራሉ፤ እነሱን የምንለያቸው በእናት ስም ነው። ሥርዓቱን የሠሩት ልጆች የእናት ስም የሚሞላበት ቦታ አላስቀመጡም፤ የልደት ቀን ግን ግድ ይላል። ዕድሜውን «ወደ 40 ይሆነኛል» ለሚል ገበሬ ሁላችንም ጥር 1 እንሞላለን። በኮምፒውተሩ መሠረት የወረዳችን ሰው ግማሹ የተወለደው ጥር 1 ነው።

ጳጉሜንን ልተወው መሰለኝ። እሺ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ ሐኪሙ ለጳጉሜን 3 ቀጠሮ ሰጥቶ ሥርዓቱ 12 ወር ብቻ አሳይቶት ታካሚዋ መስከረም 3 መጥታ ተንገላታለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ሻይ ሰዓት ልነግራቸው እችል ነበር። የጠየቀኝ ሰው የጠየቀኝ ግን ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) እንደወሰድሁና ኮምፒውተር እንደምችል ብቻ ነው። እኔም «ከዚህ በኋላ ካርድ ክፍል የለም» የሚለውን ወሬ ሰምቼ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቼ ወጣሁ።

ወንዝ ማዶ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

መደርደሪያ 9፣ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ አስተያየቴ ጅምላ ነበር። ስለ ስም አጻጻፉ የተናገሩት በቴክኒክ በኩል ከባድ ሥራ አይደለም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ፍለጋው ላይ እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው ማድረግ በቀናት የሚያልቅ ነው። ያልተሠራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን በመስፈርቱ ዝርዝር ላይ ማንም ስላልጻፈው ነው። ስለ በጀት ያልኩትን ግን አልቀየርኩም።

ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40

የውስጥ ኦዲተር ነኝ፤ የሚወደኝ ስለሌለ በባለድርሻ ዝርዝሮች ላይ ስሜን አይቼ አላውቅም። ሰንበሌጥ፣ በ27ቱ ስሞች ውስጥ የውስጥ ኦዲት አለ? የጤና መድኅኑስ? መልስዎ «የለም» ከሆነ የክፍል 2 ሐኪም ለምን ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳ እንዳዞረው መገመት የምችል ይመስለኛል። ፋርማሲ ሄደው ይጠይቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋርማሲው መድኃኒት ሲያወጣ ያወጣበትን ምክንያት የሚያሳይ፣ ሐኪሙ የፈረመበት ማዘዣ በእጁ መቅረት አለበት። ከመድኃኒት መጋዘን በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ሰነድ) የወጣው፣ በማዘዣ የተሰጠውና በሞዴል 64 (የገንዘብ መሰብሰቢያ ደረሰኝ) የተሰበሰበው ገንዘብ እርስ በርስ ካልተናበበ እኔ የምጽፈው «ጉድለት» ብዬ ነው፤ ጉድለቱም በፋርማሲ ባለሙያው ስም ይመዘገባል። በስክሪን ላይ የሚታይ ትእዛዝ የሚተካው ማዘዣውን መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልደረሰኝ እኔ ከራሴ አምጥቼ ልቀበል አልችልም። ክፋት አይደለም፤ እኔንም የሚጠይቀኝ አለ።

የጤና መድኅኑም ከዚህ አይለይም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ዛሬ ለብዙ ሆስፒታሎች ዋና የገቢ ምንጭ ሆኗል። ሆስፒታሉ አባላቱን አክሞ ሒሳቡን ይጠይቃል፤ መድኅኑም ከመክፈሉ በፊት ባለሙያ ልኮ ካርድ እየመዘዘ ሕክምናውን ያመሳክራል። ካርዱ ባዶ ከሆነ ክፍያው ይቀነሳል። በአራት ሳጥኑ ሠንጠረዥ ላይ «ሥልጣን» የሚለው የሚለካው በማዕረግ ከሆነ እኔም መድኅኑም አንታይም፤ ሥራን በማስቆም አቅም ከተለካ ግን ከሥራ አስኪያጁ አናንስም።

በተቃራኒው የሚጠቀስ የአገራችን ምሳሌ አለ። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው፣ የመድኃኒት አሰጣጥና ሽያጭን ለኦዲት አመቺ የሚያደርገው አሠራር ደንብ ወጥቶለታል፤ ቅጾቹም ሕጋዊ ሆነዋል። ስሙ ራሱ ኦዲትን የያዘ ለውጥ ስለሆነ ኦዲተሩን መርሳት አልተቻለም።

ፌርፋክስ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:15

ከሎስ አንጀለስ ነው የምጽፈው፤ በጤና ሙያ ላይ ነኝ። ይህ የድሃ አገር ችግር እንዳይመስላችሁ ብዬ ገባሁ። እዚሁ ከተማ የሚገኘው ታላቁ ሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሐኪሞች ትእዛዛቸውን ሁሉ በኮምፒውተር እንዲያስገቡ የሚያስገድድ፣ 34 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሥርዓት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ዘጋው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች አምፀው ነው። ቀድሞ በብዕር በሰከንዶች የሚያልቅ ትእዛዝ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም በየደረጃው እየተነሣ ሥራ ያቋርጣል።

በእኔ እይታ ትምህርቱ ያለው በሥልጣኑ አቀማመጥ ላይ ነው። በዚያ ሆስፒታል የሚያክሙት ሐኪሞች አብዛኞቹ ተቀጣሪ አልነበሩም፤ የግል ሐኪሞች ስለነበሩ ታካሚያቸውን ይዘው ሌላ ሆስፒታል መሄድ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ጮኹ፤ ተሰሙም። የሰንበሌጥ ሐኪም መሄጃ ስለሌለው አልጮኸም፤ ስክሪኑን አዞረ እንጂ። እዚህ ጥፋቱ በሦስት ወር ታወቀ፤ እዚያ ግን በመቶ በመቶ ሪፖርት ተሸፍኖ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መጮህ የሚችል ባለድርሻ ያለው ተቋም ዕድለኛ ነው ማለቴ ነው፤ በጊዜው ባይመስለውም።

ሴዳርስ ሳይናይ በኋላ ተመልሶ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል፤ ግን ዓመታት ወስዶ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

የማታ ተረኛ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

ከተራ እየወጣሁ ነው፤ ስለዚህ አጭር ልሁን። ፌርፋክስ ያሉት ልክ ነው፤ ግን አንድ ጎን ቀርቶታል። ሐኪሙ ስክሪኑን ሲያዞር ሸክሙ አልጠፋም፤ ወደ ነርሷ ዞረ። ለውጥ ሲመጣ ሥልጣን ያለው ወደ ሌላው ይገፋዋል፣ የተገፋበትም ወደ ባሰው ይገፋዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዘንድ ሄዶ ማየት ነው። በእኛ ቤት መጨረሻው ተለማማጅ ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሌሊት የምንገለብጠውን እነሱ ይገለብጡልናል። በየትኛውም ሳጥን ውስጥ የሉም።

ሰንበሌጥ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለቆጣሪ ጥያቄ መልሴ «የለም» ነው፤ ኦዲቱም መድኅኑም በ27ቱ ውስጥ አልነበሩም። ሄጄ ጠይቄ እመለሳለሁ።

ሰንበሌጥ — ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10:20

እንደገባሁት ቃል ተመልሻለሁ፤ የምናገረው ሁሉ መልካም ዜና አይደለም።

በመጀመሪያ የክፍል 2ን ሐኪም አነጋገርኩ። ቢሮ አልጠራሁትም፤ ታካሚ እስኪያልቅ ጠብቄ ክፍሉ ውስጥ ከነርሷ ጋር ተቀመጥን። «ኮምፒውተሩን አልጠላሁትም» አለኝ። «በመጀመሪያው ሳምንት በኮምፒውተር ያዘዝኩላቸው ታካሚዎች ከፋርማሲ ወረቀት አምጡ ተብለው ተመለሱብኝ። ሁለተኛ ተሰልፈው፣ ሁለተኛ ገብተው። አንዲት አሮጊት ለአንድ ማዘዣ ሦስት ጊዜ ደረጃ ወጡ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያውኑ በወረቀት መጻፍ ጀመርኩ።» ፋርማሲ ሄድኩ፤ ባለሙያዋ ከመሳቢያዋ ውስጥ የአምናውን የኦዲት ሪፖርት አውጥታ ስሟ ያለበትን መስመር አሳየችኝ። ወደ ውስጥ ኦዲተሩ ሄድኩ፤ ቆጣሪ የጻፉትን ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ነገረኝ፤ «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» የሚለውን ጨምሮ። እኛ በአራት ሳጥን ስናከፋፍላቸው የነበሩት ሰዎች በአንዲት ወረቀት የተያያዙ ነበሩ፤ ወረቀቷን ተከትለን ብንሄድ ኖሮ ስሞቹን ራሷ ትነግረን ነበር። አሁን ዝርዝሩን እንደገና የሠራነው እንደዚያ ነው፦ እያንዳንዷን ቅጽ ይዘን በማን እጅ እንደምታልፍ፣ ማን እንደሚፈርምባት፣ ብትቀር ማን እንደሚጠየቅ። ከ27 ስሞች ዘጠኙ ወጡ፤ 16 አዲስ ገቡ።

መድኅኑ ለጊዜው ከኮምፒውተር ታትሞ ሐኪሙ የፈረመበትንና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለመቀበል ተስማምቷል። ይህ ማለት ለየክፍሉ ማተሚያና ቀለም ያስፈልጋል፤ በዕቅዱ ላይ አልነበረም። ኦዲተሩ ከፋይናንስ መምሪያ ደብዳቤ ይምጣልኝ ብሏል፤ ደብዳቤው ተጠይቋል፣ አልመጣም። በዚህ ምክንያት ሙሉ ሽግግሩን ወደ ጥቅምት ገፍተነዋል፤ ለተጨማሪ ኮምፒውተሮች ከተያዘው ገንዘብ ከፊሉም በሰኔ 30 ተመልሷል። ወንዝ ማዶ ያስጠነቀቁት ደርሷል፤ ሥራ አስኪያጁም በዚህ ደስተኛ አይደሉም።

የማታ ተረኛ ያሉትን በሚመለከት፣ ስልጠናውን ጠዋት በአዳራሽ ማድረጉን ትተን በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት በየዋርዱ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት አድርገነዋል። ለእያንዳንዱ የሌሊት ተረኛ የራሱ የይለፍ ቃል ተሰጥቶታል። የመብራቱን ነገር አልፈታነውም፤ ለሌሊቱ አንድ የወረቀት ቅጽ ብቻ ትቀመጥ፣ ኮምፒውተር ላይ መገልበጡ ይቅር ብለን ወስነናል። ሪፖርታችን ከመቶ በመቶ ወደ 60 ከመቶ አካባቢ ወርዷል፤ መምሪያው ማብራሪያ ጠይቆናል፤ ማብራሪያውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ካርድ ክፍልን በሚመለከት፣ 11 ሠራተኞች አሉን። ሥራ አስኪያጁ የማንም ቦታ እንደማይታጠፍና ሦስቱ ወደ ስም ማጣሪያ ዴስክ እንደሚዛወሩ በፊርማቸው በደብዳቤ አሳውቀዋል። በቃል ሦስት ጊዜ ተናግረውት ነበር፤ ያመናቸው ሰው አልነበረም፤ ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ ነው ሠራተኞቹ ማውራት የጀመሩት።

መደርደሪያ 9፣ አንድ ልመና አለኝ። የስሞቹን ልዩ ልዩ አጻጻፍና ካርድ ሲጠፋ የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች በዝርዝር ጽፈው ቢልኩልኝ ለሥርዓቱ ሠሪዎች እሰጣቸዋለሁ። የመስፈርቱ ሰነድ እስከ ሐሙስ ክፍት ነው።

መደርደሪያ 9 — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:00

ሰላም ሰንበሌጥ፣

ዝርዝሩ አለኝ፤ በአንድ የድሮ መዝገብ ጀርባ ላይ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ነው፤ ፎቶ አንስቼ በግል መልእክት ልኬልዎታለሁ። ነገር ግን የእኔ ዝርዝር የእኔ ወረዳ ሰው ስም ነው። በእናንተ አካባቢ የሚበዙት ስሞች ሌሎች ናቸው፤ ሰዉም ራሱን የሚያስታውቅበት መንገድ ሌላ ሊሆን ይችላል። 11 ሰዎች አሉን ብለዋል። የእኔን ለሠሪዎቹ ከመስጠትዎ በፊት እነሱ ዘንድ ገብተው ያሳዩዋቸው፤ የሚሰርዙትን ይሰርዙ፣ የሚጨምሩትን ይጨምሩ። ከ5 ሰዓት በፊት አይሂዱ፤ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰልፍ ስላለ ቀና ብሎ የሚያይዎት አያገኙም። ሥራው ከሰዓት ውጭ የሚሠራ ከሆነም የትርፍ ሰዓት ክፍያውን አስቀድመው ያስፈርሙ።